ሰፊ ባንድ መቀበያ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መላሽ፦ ዛሬ ማታ ስለ ሰፊ ባንድ መቀበያ (ብዙ ባንዶችን በአንድ ሳጥን ስለሚሰማ ራዲዮ) የከበዳችሁን ሁሉ አምጡ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ሁለት ማሳሰቢያ። ደመናው ማጉረምረም ሲጀምር የውጭ አንቴናችሁን ከራዲዮው ንቀሉ። የሰማችሁትን የሰዎች ንግግር ቀርጻችሁ አታሰራጩ። ጥያቄ ስትጽፉ ደግሞ አራት ነገር እንዳይቀር፦ ፍሪኩዌንሲ፣ ሞድ (እንደ ኤኤምና ኤፍኤም ያለ የስርጭት ዓይነት)፣ አንቴና፣ ሰዓት።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ራዲዮ ከገዛሁ ሳምንት ሆነኝ፤ ምንም አይሰማም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የማይሰማው የት ላይ ነው? በምን ሞድ? አራቱን ጽፈህ ተመለስ።

ንስር፦ በእጅ በሚያዝ መቀበያ 120.000 ሜጋኸርዝ ላይ፣ በኤኤም፣ ጣሪያ ላይ ከሰቀልኩት አንቴና ጋር አዳምጣለሁ። የበረራ ተቆጣጣሪውን ስጠብቅ የተንሻፈፈ ዘፈን ይመጣል፤ ቀንም ማታም ያው ነው። አጭሩን የጎማ አንቴና ስሰካ ግን ይጠፋል። ራዲዮው ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ራዲዮህ ደህና ነው። የሰፊ ባንድ መቀበያ ዋናው በሽታ ያልጠሩትን ማስገባቱ ነው፤ ትልቅ አንቴና ስትሰካለት ደግሞ በሽታው ይብስበታል።

መቀበያው በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጭና ከአንቴናው ከሚገባው ጋር ያደባልቀዋል። የሚሠራው በሁለቱ ልዩነት ነው። ልዩነቱ 10.7 ሜጋኸርዝ እንዲሆን የተሠራ ነው እንበል። 120.0ን ስትጠራው ውስጡ 109.3 ያመነጫል፤ ከ120.0 ላይ 109.3 ሲቀነስ 10.7 ይሆናል። አሁን 98.6 ላይ ጉልበተኛ የኤፍኤም ጣቢያ ካለ አስላው። ከ109.3 ላይ 98.6 ሲቀነስ እሱም 10.7 ነው! መደባለቂያው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ይህን ኢሜጅ እንለዋለን። 98.6ን በር ላይ ማስቀረት የነበረበት የመግቢያው ፊልተር (ማጣሪያ) ነው፤ በትንንሽ ራዲዮዎች ላይ እሱ ደካማ ነው። ዘፈኑ የተንሻፈፈውም የኤፍኤምን ስርጭት በኤኤም ስለምትሰማው ነው።

ሁለተኛ ተጠርጣሪ አለ። 106.0 እና 92.0 ላይ ሁለት ጉልበተኛ ጣቢያዎች ቢኖሩ፣ የመጀመሪያው እጥፍ 212.0 ነው፤ 92.0 ሲቀነስለት 120.0 ይመጣል። የመግቢያው ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይህን ሂሳብ ራሱ ይሠራውና አየር ላይ የሌለ ጣቢያ ይፈጥርልሃል። ኢንተርሞዱሌሽን የሚባለው ይህ ነው።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ አቴንዌተሩን (የሚገባውን ሲግናል በዴሲቤል የሚቀንሰውን) አብራ። 10 ዴሲቤል ስትቀንስ ዘፈኑም 10 ያህል ብቻ ከወረደ ኢሜጅ ነው። ወደ 30 ወርዶ ድራሹ ከጠፋና ከሥሩ የተቆጣጣሪው ድምፅ ብቅ ካለ ኢንተርሞዱሌሽን ነው። መድኃኒታቸው አንድ ነው፦ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የሚዘጋ የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር፣ በአንቴናውና በራዲዮው መካከል። ማጉያ እንዳትጨምርበት! ብዙዎች “ሲግናል አነሰኝ” ብለው ማጉያ ይሰኩና ነገሩን ያባብሱታል።

ማዕበል፦ ለመሆኑ አቪዬሽን ለምን እስካሁን በኤኤም ቀረ? ኤፍኤም ድምፁ ጥርት ይላል እኮ።

መላሽ፦ በኤፍኤም ሁለት ሰዎች እኩል ቢናገሩ ጠንካራው ደካማውን ውጦ ያስቀረዋል። በኤኤም ግን ሁለቱ ሲጋጩ ፉጨት ይሰማል፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ሰው እንደጠራው ያውቃል። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

ብራና፦ ከአይኮም አይሲ-አር8600 እና ከአይሲ-አር6 የቱ ይሻላል?

መላሽ፦ ምን ልትሰማ? አር8600 ከ10 ኪሎኸርዝ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርስ የጠረጴዛ መቀበያ ነው። አር6 ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኤስኤስቢ የሚባለው የንግግር ሞድ ግን የለውም። አጭር ሞገድ ላይ አማተሮችን (ለትርፍ ጊዜ በራዲዮ የሚነጋገሩትን) መስማት ከፈለግህ ሁለተኛው አይሆንህም።

ማዕበል፦ እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ዘመን ሳጥን መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ትንሿን የአርቲኤል-ኤስዲአር ዶንግል (በፕሮግራም የምትሠራ መቀበያ) ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ባንዱን በሙሉ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ንስር፦ ባለ 8 ቢት ናት እኮ! እያንዳንዱ ቢት በጠንካራውና በደካማው ሲግናል መካከል 6 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይይዛል፤ ጠቅላላው 48 ገደማ። ጎረቤትህ ጉልበተኛ ጣቢያ ካለ ደካማውን ከየት ታመጣዋለህ?

ማዕበል፦ ባንዱን ስታጠበው ይሻሻላል፤ ሂሳቡን ጨርሰው። ደግሞ የመቀበያህ መደወያ ስንት ነገር ያሳይሃል?

ንስር፦ መደወያን በእጅ ማዞርና በመዳፊት መጫን አንድ አይደሉም።

መላሽ፦ በቃችሁ። ሁለቱም ያለ ፊልተር ይታፈናሉ። ዶንግሏ የራሳችሁን ቤት ጫጫታ ፈልጎ ለማግኘት አቻ የላትም፤ ለረጅም ሌሊት ማዳመጥ እኔ መደወያ ያለውን እመርጣለሁ። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጤዛ፦ 7.100 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣ በ15 ሜትር ሽቦ አዳምጣለሁ። ሰዎች ይናገራሉ፤ ግን አፍንጫቸው የተያዘ ይመስል አንድም ቃል አይለይም። ሞዱን ኤኤምም ዩኤስቢም (የላይኛው ጎን) አድርጌ ሞክሬያለሁ።

መላሽ፦ እህቴ፣ የቀረሽው ኤልኤስቢ (የታችኛው ጎን) ነው። በኤስኤስቢ ሲናገሩ ተሸካሚው ሞገድና አንዱ ጎን ተቆርጠው ይቀራሉ፤ የሚላከው ሌላው ጎን ብቻ ነው። የጎደለውን ተሸካሚ ራዲዮሽ በውስጡ ይሞላዋል፤ ለዚያ ግን ትክክለኛው ጎንና ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆን አለብሽ። የአማተሮች ልማድ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ኤልኤስቢ፣ ከዚያ በላይ ዩኤስቢ ነው። የአውሮፕላንና የመርከብ አጭር ሞገድ ግን የትም ቢሆን ዩኤስቢ ነው። ለምሳሌ ከአየርላንድ የሚሰራጨው የሻነን የአየር ሁኔታ ንባብ 5.505 ላይ በዩኤስቢ ይመጣል።

አሁን የመደወያውን እርምጃ ወደ 10 ኸርዝ አውርጂውና ዓይንሽን ጨፍነሽ በዝግታ አዙሪ። መጀመሪያ የዳክዬ ድምፅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወፈር ያለ ማጉረምረም፤ በመካከላቸው አንድ ቦታ ላይ ሰውየው ድንገት ሰው ይሆናል። 50 ኸርዝ እንኳ ስትስቺ ድምፁ መለወጡን ጆሮሽ ይነግርሻል።

ራዲዮሽ ቁጥሩን በትክክል ማሳየቱን ማረጋገጥ ከፈለግሽ፣ 10.000 ላይ ደብሊውደብሊውቪ የሚባለው፣ አሜሪካ ያለው የፎርት ኮሊንስ ሰዓት ነጋሪ ጣቢያ በሚሰማበት ሰዓት ፈልጊው። በዩኤስቢ 9.999 ላይ ቁሚ፤ የተሸካሚው ሞገድ ፉጨት ይሰማሻል። ከዚያ ወደ 10.001 ሄደሽ ኤልኤስቢ አድርጊው። ሁለቱ ፉጨቶች አንድ ዓይነት ቅጥነት ካላቸው ራዲዮሽ ልክ ነው። እኔ ይህን አዲስ መቀበያ በያዝኩ ቁጥር፣ ገና ማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ እያለ አደርገዋለሁ።

ብራና፦ የፖሊስን ግንኙነት በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ማግኘት ይቻላል?

መላሽ፦ ይህን አልመልስም። ብዙው አሁን የተመሰጠረ ነው፤ በየትኛውም መቀበያ አይከፈትም።

ማዕበል፦ ሞገዱ ቤቴ ድረስ ከመጣ መስማት ምኑ ነው ጥፋቱ?

መላሽ፦ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የራዲዮ ደንብ አንቀጽ 17 አገሮች ለሕዝብ ያልታሰበን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍንና ይዘቱን ማውጣትን እንዲከለክሉ ያስገድዳቸዋል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ የአገራችሁን ሕግ አንብቡ። የብሮድካስት ጣቢያዎች፣ አማተሮች፣ ሰዓት ነጋሪዎች ዕድሜ ልክ ይበቃሉ። ደግሜ እላለሁ፦ የሰማችሁትን የሰዎች ንግግር አታሰራጩ።

ጤዛ፦ ሳተላይትስ ይሰማል?

መላሽ፦ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 145.800 በኤፍኤም ይሞከራል። ሲቀርብሽ እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ፣ ሲርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቹን የኖኣ 15፣ 18 እና 19ን ሥዕል ለመቀበል የሚያስተምሩ የቆዩ ጽሑፎችን ተዪአቸው፤ ሦስቱም በ2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ አቁመዋል።

ሌላ ጀማሪ፦ እኔም ምንም አይሰማኝም። ሹ የሚል ብቻ ነው።

መላሽ፦ ከላይ ያለውን ሳታነቡ ለምን ትጽፋላችሁ? ፍሪኩዌንሲ፣ ሞድ፣ አንቴና፣ ሰዓት!

ሌላ ጀማሪ፦ ይቅርታ። አጭር ሞገድ፣ ከ3 እስከ 10 ሜጋኸርዝ፣ ኤኤም፣ መስኮት ላይ ሽቦ፣ ምሽት።

መላሽ፦ አሁን እንነጋገር። ራዲዮውን በባትሪ አስነሣና የቤቱን ዋና የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አጥፋ። ሹሹታው አብሮ ከጠፋ ጠላትህ ቤት ውስጥ ነው። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ “አጭር ሞገድ ሞተ” ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። መብራቱን ያጠፋሁ ቀን ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ትንሽ ራዲዮ ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ፤ ጥፋተኛው ከአልጋው ሥር የተረሳ፣ ምንም ሳይሰካበት ሶኬት ላይ የነበረ ቻርጀር ነበር። እጄ ሲነካው ሞቅ ይላል። ነቀልኩት፣ አበቃ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። የአውሮፕላን ባንድ፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ፣ ሞዱ ኤፍኤም፣ አንቴናው ከራዲዮው ጋር የመጣው፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጠዋት። ስኩዌልቹ (ሹሹታውን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ) መጨረሻ ላይ ነው፤ ሹሹታው ስለሚረብሸኝ።

መላሽ፦ ጎበዝ። ሞዱን ኤኤም አድርግ። ስኩዌልቹን ሹሹታው እስኪመጣ ክፈት፤ ከዚያ ልክ ሲጠፋ አቁም። መጨረሻ ድረስ ስታዞረው በሩን ቆልፈህ እንግዳ መጠበቅ ነው። ተመዛዥ አንቴና ካለህ 71ን ለባንዱ መካከል ለ127 አካፍል፤ 0.56 ሜትር፣ ማለትም ወደ 56 ሳንቲሜትር ይመጣል። ያን ያህል አውጣው፣ ቀጥ አድርገህ መስኮት አጠገብ አቁመው።

ጀማሪው፦ ሰማሁ! አንድ ፓይለት ከፍታውን ሲናገር ጥርት ብሎ ገባ። መልስ የሚሰጠውን ሰው ግን አልሰማሁም።

መላሽ፦ እሰይ! የተቆጣጣሪው አንቴና መሬት ላይ ነው፤ ኮረብታና ሕንፃ ይጋርደዋል። አውሮፕላኑ 10 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ እስከ 400 ኪሎሜትር ያህል በቀጥታ ይታይሃል። ሌላውን ወገን ለመስማት አንቴናህን ከፍ ማድረግ አለብህ፤ ጣሪያ ላይ ስታወጣው መጀመሪያ ፊልተሩን አዘጋጅ፣ ለንስር የጻፍኩትንም አንብብ። ደመና ሲያጉረመርም ደግሞ ንቀለው።