ከገንዘቡ በፊት ቀኑን አንብቡ፦ ስለ ኮሌጅ ስፖርትና ስለ ቴሌቪዥን ውሎች ለወጣቶች

ይድረስ በሕግ፣ በሒሳብ ወይም በመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ተመርቃችሁ ወደ ስፖርት ስርጭት ሥራ ለመግባት ለምታስቡ ወጣቶች፤

ጤና ይስጥልኝ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የወዳጆቼ ልጆች እየደወሉ «ጋሼ፣ ይህ የኮሌጅ ስፖርት ገንዘብ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይሉኛል። ወደ እኔ የሚደውሉት ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በአንድ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት የውል ክፍል ውስጥ ስላሳለፍኩ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ በጽሑፍ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ፉትቦል ስልም አሜሪካኖቹ በእጃቸው ይዘው የሚሮጡትን ማለቴ ነው።

የምመክራችሁ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ስለሆነም ከጥፋቱ ልጀምር። ሥራ በያዝኩ በአምስተኛው ዓመት ከአንድ አነስተኛ የስፖርት ጣቢያ ጋር የተፈረመን ውል በአንድ ገጽ አሳጥሬ ለአለቆቼ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። በእያንዳንዱ ደንበኛ ስም በወር የምንከፍለውን ሳንቲም፣ የየዓመቱን ጭማሪ፣ የማስታወቂያውን ድርሻ እስከ መጨረሻው አኃዝ አስተካክዬ ጻፍኩ። ወደ ውሉ መጨረሻ ግን፣ ከማብቂያው ቀን 120 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገረ ውሉ ለ3 ዓመት በራሱ እንደሚታደስ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ እሱን ዘለልኩት። ነገሩን ስንደርስበት ቀኑ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር፤ ደንበኞቻችን እምብዛም ለማያዩት ጣቢያ ሦስት ተጨማሪ ዓመት ስንከፍል ኖርን። ከዚያ ወዲህ ውል እጄ ሲገባ አስቀድሜ የማነበው ቀኑን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የማገኘውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቢሮዬ ውስጥ ሰቅዬ የማብቂያ ቀኖችን በቀይ እስክሪብቶ እከብባቸው ነበር። ሁለት የዘመንና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዞ ያደገ ሰው ቀን ሲነገረው «በማን አቆጣጠር?» ማለት ልማዱ ነውና፣ «እኩለ ሌሊት» የሚል ቃል ውል ላይ ባየሁ ቁጥር የኒውዮርኩ ይሁን የሎስ አንጀለሱ ሳላጣራ አላልፍም ነበር።

ወደ ኮሌጅ ስፖርት ልመለስ። እስከ 1984 ድረስ የፉትቦል ጨዋታዎችን ለቴሌቪዥን የሚሸጠውም፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ጊዜ እንደሚታይ የሚወስነውም ኤንሲኤኤ የተባለው ብሔራዊ ማኅበር ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በፍርድ ቤት ተቃወሙ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጁን 27 ቀን 1984 በ7 ለ2 ድምፅ የማኅበሩ ዕቅድ ነፃ ውድድርን የሚገድብ ሕገ ወጥ አሠራር ነው ሲል ፈረደ። በልዩነት ከወጡት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት በወጣትነታቸው ራሳቸው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ ተጫዋች ነበሩ፤ ጨዋታውን ከውስጥ ያዩት ሰው ገበያውን መፍራታቸው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ከፍርዱ በኋላ መብቱ የየዩኒቨርሲቲው ሆነ። ይሁን እንጂ ጨዋታው በየጣቢያው ስለበዛ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወረደ፤ ከ1991 ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታዎች ለኤንቢሲ ቴሌቪዥን ብቻውን መሸጥ ከቻለው ከኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ በስተቀር፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ገበያ ወጥቶ እንደማያዋጣው ቀስ በቀስ ታወቀ። ኮንፈረንሶች የሚባሉት የዩኒቨርሲቲዎች ስብስቦች ከውድድር ማኅበርነት ወደ ሻጭነት የተለወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንፈረንስ ለእኛ ሰው ሲገለጽ ከእቁብ ብዙ አይርቅም። አባላቱ የጨዋታዎቻቸውን መብት በአንድ ሣጥን ያስቀምጣሉ፣ ኮሚሽነሩ እንደ እቁብ ዳኛ ሆኖ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለጠንካራውና ለደካማው በአብዛኛው እኩል ይከፈላል። የዋሱን ቦታ የሚይዘው የመብት ማስተላለፊያ ውል ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማኅበሩን ጥሎ ቢሄድ እንኳ የሜዳው ጨዋታዎች የስርጭት መብት ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ በኮንፈረንሱ እጅ ይቀራል። እንግዲህ ዋሱም ቢሆን የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቀን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ሁለት ውል ልጥቀስ። የደቡቡ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ በ2008 ከሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጋር የ15 ዓመት ውል ፈረመ፤ ሲቢኤስ በየቅዳሜው ከሁሉ የተሻለውን ጨዋታ እየመረጠ የሚከፍለው በዓመት ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። በተፈረመበት ዕለት ማንም ዋጋው አነሰ አላለም። የኮንፈረንሱ አባል አላባማ ከ2009 እስከ 2020 ባሉት የውድድር ዓመታት ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ገበያውም በየዓመቱ ሲያድግ፣ ዋጋው ግን እዚያው ታስሮ ቀረ። በዲሴምበር 2020 የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ያንኑ ጥቅል ከ2024 ጀምሮ ለመውሰድ ሲስማማ የተዘገበው ክፍያ በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመካከለኛው ምዕራብ ኮንፈረንስ ቢግ ቴን ደግሞ በጂም ዴላኒ ኮሚሽነርነት ዘመን ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ከ2017 ጀምሮ ለ6 ዓመት ብቻ ተዋዋለ፤ ቶሎ ወደ ገበያ ለመመለስ መሆኑን መጠርጠር አያስቸግርም። ተመልሶም በኦገስት 2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የ7 ዓመት ውል አደረገ።

የገንዘቡ ምንጭ የት እንዳለ ለማየት በሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መምጣት ይበቃል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1953 የአትላንቲክ ዳርቻውን ኮንፈረንስ ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ ሳለ በ2014 ከራትገርስ ጋር ወደ ቢግ ቴን የገባው በፉትቦል ጥንካሬው አልነበረም፤ አንዱ የዋሽንግተንን፣ ሌላው የኒውዮርክን የኬብል ደንበኞች ይዞ ስለመጣ ነው። በቢግ ቴን ስም የሚሠራው ጣቢያ፣ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት አካባቢ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚያስከፍለው ከሌላው ቦታ ብዙ እጥፍ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን እንጂ ሌላ ጨዋታ ከፍቶ የማያውቀው ያገሬ ሰው ሳያውቀው የቢግ ቴን ከፋይ ሆነ፤ የወር ሒሳቡ ለምን ጨመረ ብለው የጠየቁኝ ጎረቤቶቼ መልሴን አላመኑኝም።

ከሁሉ ይልቅ እንድታጠኑት የምፈልገው የፓክ-12ን ነገር ነው። በ1915 የተመሠረተው ይህ የምዕራብ ዳርቻ ኮንፈረንስ በ2011 በላሪ ስኮት ኮሚሽነርነት ጊዜ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የ12 ዓመት ውል ሲፈርም ከሁሉም ልቆ ነበር። በ2012 ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ ጣቢያም ከፈተ። ጣቢያው ዳይሬክቲቪ በተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን አቅራቢ ላይ አንድም ቀን አልወጣም፤ የተከፈተውም ኬብል ከጣሪያው ደርሶ መውረድ በሚጀምርበት ዋዜማ ነበር። እንዲህም ሆኖ ኮንፈረንሱን የገደለው ጣቢያው አይመስለኝም። በ2011 የተፈረመው ውል በ2024 ክረምት ያበቃ ነበር፤ አባላቱን አስረው የያዙት የመብት ማስተላለፊያዎችም የሚያበቁት በዚያው ጊዜ ነበር። ስለዚህ በዚያ ክረምት አሥራ ሁለቱም ነፃ ሰዎች ይሆናሉ ማለት ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ያለው ተቀናቃኝ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር።

ጁን 30 ቀን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ተነገረ። የቀሩት አሥር ነበሩ። ኢኤስፒኤን በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ አባል በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር እንዳቀረበ፣ ፓክ-12 ግን 50 ሚሊዮን ብሎ እንደመለሰና ጣቢያው ከድርድሩ እንደወጣ በሰፊው ተዘግቧል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ከ50 ሚሊዮኑ ይልቅ በዚያው ዓመት የሆነው ነው። ቢግ 12 የተባለው ሌላው ኮንፈረንስ ውል ከፓክ-12 በኋላ፣ በ2025 ነበር የሚያበቃው፤ ወረፋው የፓክ-12 ነበር። አዲሱ የቢግ 12 ኮሚሽነር ብሬት ዮርማርክ ቀናቸው ሳይደርስ ድርድር ከፈቱ፤ በኦክቶበር 2022 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር የ6 ዓመት፣ 2.28 ቢሊዮን ዶላር ውል ተስማሙ። ፓክ-12 ቀኑ ሲደርስ ሁለቱ ትልልቅ ገዢዎች ጨዋታም ሞልቷቸዋል፣ ገንዘባቸውንም አውጥተዋል። ወረፋ ይዞ መቀመጥና ወረፋን መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጁላይ 27 ቀን 2023 ከአሥሩ አንዱ የሆነው ኮሎራዶ ወደ ቢግ 12 ሄደ። በኦገስት መጀመሪያ ኮሚሽነሩ ጆርጅ ክሊያቭኮፍ ለዘጠኙ ፕሬዚዳንቶች ያቀረቡት ገቢው በተመዝጋቢዎች ብዛት ላይ የሚመሠረት የአፕል ውል ነበር። ኦገስት 4 ቀን ጠዋት ፕሬዚዳንቶቹ ሊፈርሙ ተሰብስበዋል ተብሎ ሲጠበቅ በምዕራብ ዳርቻ ያሉት የዋሽንግተንና የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 መሄዳቸው በዚያው ዕለት ተሰማ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ስታንፎርድና ካል (በበርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ወደ ኤሲሲ ገቡ፤ ሙሉ ድርሻቸውንም ለዓመታት ትተው ነው የገቡት። የቀሩት ኦሬጎን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ነበሩ፤ ኮርቫሊስና ፑልማን የሚባሉት ከተሞቻቸው ትንንሽ ናቸውና ብዙ የቴሌቪዥን ደንበኛ ይዘው መምጣት አልቻሉም። ሁለቱ ፍርድ ቤት ሄደው የኮንፈረንሱን ስምና ሀብት ማስጠበቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ፓክ-12 ግን ሊታጠቅ ሲገባው ቆሞ ሌላው ታጥቆ ሲሮጥ ያየ ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ «እንግዲያው ውል ሲረዝም ይሻላል» እንዳትሉ ኤሲሲን ተመልከቱ። የእሱ የመብት ማስተላለፊያ በ2016 እስከ 2036 ተራዘመ፤ ማንም መውጣት ስላልቻለ ማኅበሩ ከፓክ-12 ዕጣ ዳነ። የተከፈለው ዋጋ ደግሞ የጎረቤቶቹ ገቢ ከእነሱ ልቆ ሲሄድ አባላቱ ቁጭ ብለው ማየታቸው ነው፤ ፍሎሪዳ ስቴት በዲሴምበር 2023፣ ክሌምሰን በማግሥቱ ዓመት ከገዛ ማኅበራቸው ጋር ፍርድ ቤት ቆሙ። በማርች 2025 ሲታረቁ የተስማሙበት ነገር ከገንዘብ ይልቅ የቀን ጉዳይ ነው፤ የመውጫ ክፍያው በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል።

የማብቂያ ቀን የሚወድቅበት ወቅትም በዘፈቀደ አይመረጥም። በ2023 በኢኤስፒኤን ባለቤት በዲዝኒና በኬብል ድርጅቱ በቻርተር መካከል የነበረው ውል ያበቃው ኦገስት 31 ቀን ነው፤ የኮሌጅ ፉትቦል መክፈቻ ሳምንት ማለት ነው። ወደ 15 ሚሊዮን ደንበኞች ኢኤስፒኤን ጠፍቶባቸው ሰነበቱ፤ ስምምነቱም የተገኘው ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ የሰኞ ምሽቱ የፕሮፌሽናል ጨዋታ ሊጀምር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ደንበኛው በጣም የሚቆጣበትን ቀን ጣቢያው ይፈልገዋል፤ ኬብሉ ደግሞ ውሉ በፌብሩዋሪ ቢያበቃለት ይወዳል። እንዲህ ያለውን ቀን ስትደራደሩ ዋጋ እንደምትደራደሩ ቁጠሩት። በ2020 ሱፐርስፖርት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የስርጭት መብት ለ5 ዓመት ሲገዛም ጓደኞቼ ስለ ገንዘቡ ሲያወሩ እኔ የጠየቅሁት «አምስተኛው ዓመት የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው?» ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ።

ደግሞም ቀኖቹን የሚኖሩባቸው ሰዎች እንዳሉ አትርሱ። የዩሲኤልኤ የመረብ ኳስ ተጫዋች ለፉትቦል ሲባል በተፈረመ ውል ምክንያት ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርዚ ድረስ ሄዳ ትጫወታለች፤ ትምህርቷን በአውሮፕላን ታጠናለች። የመጫወቻ ሰዓቱን የሚቆርጠው ጣቢያው ነውና፣ በምዕራቡ በኩል የሚደረግ የምሽት ጨዋታ በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊትን አልፎ ያበቃል። ውሉን የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ሰዓቱ ስንት ቀን ቀድሞ መነገር እንዳለበት የሚወስነውን አንቀጽ ለጀማሪ አትተዉት። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ለእኔ ይተዉልኝ ነበር።

አሁን የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። የቢግ ቴን ውል የሚያበቃው በ2029-30 ውድድር ዓመት ነው፤ የቢግ 12 በ2030-31፣ ኢኤስፒኤን ለፉትቦል ሻምፒዮና ማጣሪያው የገባው ውል በ2031-32፣ የማርቹ የቅርጫት ኳስ ውድድር የሲቢኤስና የተርነር ውል በ2032፣ የኤስኢሲ በ2033-34። የኤሲሲ አባላት መውጫ ረክሶ 75 ሚሊዮን የሚሆነው ቢግ ቴን አዲስ ውል ይዞ አዲስ አባል ሊፈልግ በሚችልበት በዚያው ወቅት መሆኑን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚነግረኝን ሰው አላምነውም፤ በዚያ ዓመት ከጠረጴዛው በአንዱ በኩል የምትቀመጡት እናንተ ትሆናላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጡረተኛ የውል አንባቢ