አደጋው ካለፈ ወራት ተቆጠሩ፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከስምንት ወር በፊት የመኪና አደጋ ደርሶብኝ ነበር። ቁስሌ ድኗል። ግን የፍሬን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ሌሊት እባንናለሁ። መኪና መሳፈር ትቻለሁ። ባለቤቴ «በቃ እርሳው» ትለኛለች። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ማታ ማታ መጠጣት ጀምሬያለሁ። እያበድኩ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አላበዱም! የነገሩኝ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም፣ ማለትም ፒቲኤስዲን ይመስላል። ቁርጡን የሚነግርዎት ግን በአካል ያየዎት ሐኪም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና መደንገጥ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። ከአንድ ወር አልፎ ኑሮን ሲያውክ ነው ሕመም የምንለው።

ባለቤትዎ ክፉ አላሰቡም። ግን እርሳው ስለተባለ የሚረሳ ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ መኪና መሸሽዎ ነው። መሸሽ ለጊዜው እፎይ ያሰኛል። ጣጣው ግን፣ በሸሹ ቁጥር አእምሮዎ «ለካ እውነትም ያስፈራል» ብሎ ይደመድማል። ዛሬ መኪናውን፣ ነገ መንገዱን፣ ከዚያ ከቤት መውጣትን ይሸሻሉ። ዋነኛው ሕክምና ይህንን ነው የሚገለብጠው። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ስለ አደጋው ደጋግመው ያወራሉ፤ የሚሸሹትንም ቀስ በቀስ ይለማመዳሉ። መጀመሪያ በቆመ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ መቀመጥ። ፍርሃቱ እስኪበርድ አለመውረድ። ሌላ ቀን ሞተሩን ማስነሳት። ቀጥሎ አጭር መንገድ መሄድ። ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ እየተገናኙ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። ኢኤምዲአር የሚባለውም ሕክምና፣ ማለትም የባለሙያውን እጅ በዓይን እየተከተሉ አደጋውን ማስታወስ፣ ይሠራል።

ለድብርትም የሚታዘዙ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለውጡ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ለዚህ ሕመም አልመክርም፤ ሕመሙን አይፈውስም፣ ሱስም ያስይዛል።

መጠጡ ቶሎ ያስተኛዎታል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍዎን ይቆራርጠዋል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ በአንዴ አያቋርጡ፤ ለሐኪም ይንገሩና በክትትል ይቀንሱ።

ድንጋጤው ሲመጣ እግርዎን መሬት ላይ ተጭነው፣ ዙሪያዎን እያዩ አምስት ነገሮችን በስማቸው ይጥሩ። ሲተነፍሱ አየሩን ቀስ ብለው ያስወጡ። ይህ ሰዓቱን ያሳልፍልዎታል እንጂ ሕክምናውን አይተካም።

የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ይያዙ፤ ባለቤትዎም አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።