«ቴሌግራም ይሠራል፣ ዌብሳይት አይከፍትም» ከሚለው ጀምሪ

«12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ጅማ ሆኜ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ራሴን ማስተማር እችላለሁ? ላፕቶፕስ የግድ ነው?» ላልሽው እህቴ፦

በደንብ ትችያለሽ። እኔም ክፍል ገብቼ አልተማርኩም፤ ሄርማታ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ነው የለመድኩት። ብዙ ሰው ኮርስ በማሳደድ ይጀምራል። ቪዲዮ ያወርዳል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለቸዋል። አንቺ የተበላሸ ነገር ፈልጊ። ኢንተርኔት ደህና ሲሠራ ምንም አያስተምርም፤ ውስጡ የሚታየው ሲያስቸግር ነው።

ለምሳሌ ውጤት የሚታይበት ሰሞን ቤቱ በተማሪ ጢም ብሏል። ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ቴሌግራም መልእክት ይልካል፣ ብራውዘሩ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ሁሉም «ኔትወርክ የለም» ይላል። ከሌለ ታዲያ ቴሌግራሙ በምን ይሠራል? ይህቺን ጥያቄ ይዤ ስቆፍር ነው ዲኤንኤስ የሚባለውን ያገኘሁት።

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። እኛ ስም እንጽፋለን፣ ዲኤንኤስ ቁጥሩን ያመጣል፤ ስልክሽ ላይ «እማዬ» የሚለውን ስትነኪ ቁጥሯ እንደሚደወለው። እሱ ካልሠራ በስም የሚሄድ ሁሉ ይቆማል። ቴሌግራም ግን የሰርቨሮቹን (መልእክቱን የሚቀበሉትን የኩባንያውን ኮምፒውተሮች) ቁጥር አብሮት ይዞ ስለሚመጣ ይቀጥላል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈቺና ፒንግ (ping) የሚለውን ትእዛዝ ከ8.8.8.8 ጋር ጻፊ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። ከዚያ በቁጥሩ ፋንታ የአንድ ዌብሳይት ስም አስገቢ። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ «አልተገኘም» ካለሽ ጥፋቱ የዲኤንኤስ ነው። ሴቲንግ ገብተሽ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርጊው፤ የጉግል ነው፣ ነፃ ነው። ያን ቀን ገጹ እንደዚያ ነው የተከፈተው።

ፒንግን ቶሎ አትለፊው። መልሱ ስንት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) እንደፈጀ ይነግርሻል። መልእክቱ የሚጓዘው በብርሃን ነው፤ ብርሃን በፋይበር (በቀጭኑ የመስታወት ኬብል) ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000፣ በሚሊሰከንድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሄዶ መመለስ ስላለበት ግማሹን ውሰጂ፤ ለደርሶ መልስ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ቢበዛ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። መልስ በ20 ሚሊሰከንድ ከመጣልሽ ሰርቨሩ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቅ አይችልም፤ አሜሪካ ነው የሚልሽን ሰው እንዳታምኚ! በዚያው ትሬስ ራውትን ሞክሪ። መልእክትሽ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በተራ ያሳይሻል። የሆነ መስመር ላይ ሚሊሰከንዱ ድንገት ዘሎ ታያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ከአገር የወጣው እዚያ ጋ ነው። እኛ ባሕር ስለሌለን መስመራችን እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል አልፎ ነው የባሕሩን ኬብል የሚያገኘው። «በሳተላይት ነው የሚመጣው» የሚለው ወሬ እስካሁን አለመጥፋቱ ይገርመኛል።

ታሪኩን በጥቂቱ እወቂ። ኢንተርኔትና ዌብ አንድ አይደሉም፤ ኢንተርኔት ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መስመር ነው፣ ዌብ ደግሞ በላዩ ላይ በብራውዘር የምንከፍታቸው ገጾች ናቸው። የኢንተርኔት አባት የሚባለው የአሜሪካ ኔትወርክ፣ አርፓኔት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ዌብን ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ ያቀደው በ1989 ነው። ቴሌግራም እየሠራ ብራውዘር ሲያስቸግር ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታይሻል።

ከዚህ በኋላ ኮርስ ብትወስጂ ይገባሻል። ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ነፃ ኮርሶች አሉት። ዌብሳይት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሞዚላው (የፋየርፎክስ ብራውዘር ሠሪው) ነፃ የመማሪያ ዌብሳይት ኤምዲኤን (MDN) ይበቃል። የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ አውርጂና ቀን አንብቢ። ቻናል ላይ በብር የሚሸጡልሽን ኮርስ ከመግዛትሽ በፊት ስሙን ጉግል አድርጊው፤ ነፃውን ልታገኚው ትችያለሽ። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። ግን የሚደጋገሙት ቃላት ብዙ አይደሉም።

ላፕቶፑን በተመለከተ፦ ለጊዜው አይግድሽ። ፒንግና ትሬስ ራውት የሚሠሩ ነፃ አፖች ፕሌይ ስቶር ላይ ሞልተዋል። በኋላ ያገለገለ ስትገዢ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ከ4 ጊጋ እንዳያንስ፣ ባትሪውንም ቻርጀሩን ነቅለሽ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ።