የጓሮ ዶሮና የአጥር ጎረቤት፦ እድር ላይ የተነሱ ጥያቄዎች

ባለፈው እሁድ እዚህ ባሕር ዳር የእድር ወርኃዊ ክፍያ ስንሰበስብ ሁለት የአጥር ጎረቤቶች በዶሮ ምክንያት ተነታረኩ። አንዱ «ደንብ አስከባሪ እጠራለሁ» አለ፣ ሌላው «ጥራ!» አለ። «አንተ በእንስሳት ጤና የኖርህ ሰው ነህ፣ ፍረድ» ተባልሁ። ፍርዱን ለሽማግሌ ትቼ ጥያቄ ልመልስ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ድረስ የሚመጣው ጠያቂ ስለበዛ መልሱን በጽሑፍ ማድረግ ሻልሁ። ስም አልጠራም፤ ሁላችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ «ከተማ ውስጥ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው፣ በሳምንት ውስጥ አንሺ» አለኝ። እውነት ክልክል ነው?

«ክልክል ነው» የሚል ሰው ወረቀት ይዞ ይምጣ። በቁጣ አትጠይቂው፤ ቡና አቅርቢና «የትኛው ደንብ፣ ስንተኛው አንቀጽ ነው?» በይው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከደንብ አይነሳም፣ ከጎረቤት አቤቱታ ነው የሚነሳው። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በከተማም በገጠርም «በጓሯችሁ ዶሮ አርቡ» እያለ ነው፤ ጫጩት ያከፋፈለውና «አንሺ» የሚለው ሁለቱም የመንግሥት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ስል ግን ደንብ የለም ማለቴ አይደለም። የጽዳትና የአካባቢ ጤና ደንብ አለ፣ የመኖሪያ ይዞታን ለንግድ ማዋል ፈቃድ ይጠይቃል። አሥር እንቁላል ጣይ ዶሮ የቤት ጉዳይ ነው፤ 300 ዶሮ ግን ንግድ ነው፣ ጓሮም አይበቃውም። ደብዳቤ በእጅሽ ከደረሰ ቀኑን ጽፈሽ ያዥ፣ መልስም በጽሑፍ ስጪ። በቃል የተባለውን በቃል ብቻ ስትመልሺ ኋላ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይጮሃል። የማታ ተረኛ ነኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ ደግሞ «ዶሮ ጮኸ ተብሎ የተከሰሰ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይስቅብኛል።

የሚስቅበት ምክንያት ይገባኛል፤ አባቶቻችን ሌሊቱን የሚቆጥሩት በዶሮ ጩኸት ነበር። ሕጉ ግን አይስቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለይዞታ በጎረቤቱ ላይ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ እንዳያደርስ ይከለክላል። ያው አንቀጽ የአካባቢው ልማድም ይታይ ይላል። ስለዚህ ከከተማው ጫፍ ዘንዘልማ ያለ ጩኸትና መሐል ከተማ ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋ ጩኸት በአንድ ሚዛን አይለኩም።

ከፍርድ ቤቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «አውራውን ለምን ፈለግኸው?» እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልግም! ይህን የማያውቅ አርቢ ስንት ነው። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚያስፈለፍል ብቻ ነው። «ጨለማ ቤት ብዘጋበት ዝም ይላል» የሚሉም አሉ። ጥቂት ይረዳል እንጂ አያጠፋውም፤ የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት አውራ ዶሮ ብርሃን ሳያይም በሰውነቱ ውስጥ ባለ ሰዓት ይጮሃል። መፍትሔው ድስት ነው፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጥሩ ዋጋ ያወጣል።

ጥያቄ (ብዙ ሰው የጠየቀው)፦ ሽታው! ዝንቡ! ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ከማያቸው የዶሮ ጠቦች አብዛኛው የእርጥበት ጠብ ነው። ዶሮ ሽንትና ኩስ ለይታ አትጥልም፤ ኩሷ ላይ የምታዩት ነጩ ነገር ሽንቷ ነው። ያ ነጭ ነገር እርጥበት ሲያገኝ ተበላሽቶ አሞኒያ ይሆናል፣ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። የደረቀ ኩስ እምብዛም አይሸትም። አሥር ዶሮ በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ እርጥብ ኩስ ይጥላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ዶሮ ይኑር አይኑር ሳይሆን ያ ኩስ በቶሎ ይደርቃል ወይ ነው።

የራሴን ልናገር። አንድ ሐምሌ የዶሮ ቤቴ ውኃ መጠጫ ሥሩ ተሰንጥቆ ኖሮ ጠብ ጠብ ሲል ከረመ። እኔ አላየሁም። ከአጥር ማዶ ያሉት እትዬ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቡና መጥራት ብቻ ተዉ። «ምን በደልሁ?» እያልሁ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አንድ ቀን ነጠላቸውን ከገመድ ላይ ገና ሳይደርቅ ሲያወርዱ፣ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲያሸቱ፣ መልሰው ሲነክሩት አየሁ። ገብቼ ጉዝጓዙን አንድ እፍኝ ብጨምቀው ውኃው በጣቶቼ መሐል ወረደ። ያን ቀን አራት ማዳበሪያ ሙሉ እርጥብ ጉዝጓዝ አወጣሁ። በሦስተኛው ቀን «ቡና ደርሷል» የሚል ልጅ ተላከብኝ።

ያቺ እፍኝ መለኪያ ናት። ጉዝጓዙን ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ ቀይሩት። ለጉዝጓዝ እኛ ዘንድ የሩዝ ገለፈትን የሚያህል የለም፤ ወረታ ያሉት መፈልፈያዎች የፎገራን ሩዝ ፈትገው ገለፈቱን ይከምሩታል። ሰጋቱራም ይሆናል። ውፍረቱ ስምንት እስከ አሥር ሣንቲ ሜትር ይሁን። መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጉት፣ አትረጨውም። ዝንብ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ አሥር ቀን ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ ከጠረጋችሁ ከመብረሯ በፊት ትቀድሟታላችሁ።

ሌላው ነፋስ ነው። ጣና ዳር ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፦ ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። የዶሮውን ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ የከሰል ጭሳችሁ ወደ ማን መስኮት እንደሚሄድ እዩ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ዶሮ ታረባለች፤ ዶሮዎቿ አጥር ዘለው የተከልሁትን ጎመንና ሰላጣ ጨርሰውብኛል። ብገድላቸው እጠየቃለሁ?

አትግደል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ አምልጦ የሄደ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ፎቶ አንሣ፣ ሁለት ሰው አሳይ፣ የጎመኑን ዋጋ ጠይቅ። ከገደልሃቸው ግን ከሳሽ የነበርኸው ተከሳሽ ልትሆን ትችላለህ። ለባለቤቷ ደግሞ፦ የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች ጫፍ በመቀስ ቁረጪ፣ አያማትም፣ አጥር አትዘልም። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ የተባለው እንዲህ ላለችው ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አራት ዶሮ ይቻላል?

ተዪው። የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቢ፤ ቢፈቅድ እንኳ እኔ አልመክርም። ከታችሽ ያለው ሰው ልብስ ያሰጣል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ።

አከራይህን ጠይቅ፣ ውሉ ላይ አጽፍ። ሌላ መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ከሰባታሚት)፦ የጎረቤቴ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት አለቁ፤ ሬሳውን ቦይ ውስጥ ጣለው። የእኔም አንገታቸውን ማጣመም ጀመሩ። ካሣ ልጠይቅ?

አንገት ማጣመሙ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣቸውም ከሆነ፣ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይመስላል። ፈንግል መድኃኒት የለውም፣ ክትባት እንጂ። የታመሙትን ለይ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥራ፤ የሞተውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ኖራ ነስንሰህ ቅበር። ቦይ ውስጥ የተጣለ ሬሳ በዝናብ ቀን ወዴት እንደሚሄድ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም።

ካሣው? ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ማረጋገጥ ይከብዳል፤ ከገበያ በገዛሃት ዶሮ ወይም በጫማህም ሊመጣ ይችላል። ይልቅ ይህን ስማ። ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ገዝቶ አብዛኛውን ይደፋል። ስለዚህ የማትነጋገሩት ጎረቤታሞች አንድ ብልቃጥ ለመካፈል መነጋገር ግድ ይሆንባችኋል። በእኛ መንደር ሁለት የተኳረፉ ቤቶች የታረቁት እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ አልተላከም። ካለቁ በኋላም ወዲያው አዲስ አትግዙ፤ ቤቱን ጠርጋችሁ፣ በኖራ ቀብታችሁ፣ ሳምንታት ባዶ ይቆይ።

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ስንት ዶሮ ልያዝ?

ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል አምስት ወይም ስድስት። እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ አሥር ዶሮ በወር 36 ኪሎ ነው። መኖውን የማትችሉትን ዶሮ አትያዙ፤ የራበው ዶሮ ነው አጥር የሚዘለው።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ለጎረቤቶቼ በየሳምንቱ እንቁላል ብልክ ጉቦ ይሆንብኛል?

ደብዳቤ ይዞ ለመጣው የቀበሌ ሰው ከሰጡት ጉቦ ነው። ለጎረቤት ግን ከጥንትም ያለ ነው። ብቻ መጀመሪያ ይጥረጉ፣ ከዚያ ይላኩ፤ ሽታው ሳይጠፋ እንቁላል ከተላከ ስድብ ይመስላል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ይተዉት። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ለጾመኛ እንቁላል ምን ያደርግላቸዋል? የፋሲካ ዋዜማ አንድ ደርዘን ይላኩ፤ ለዶሮ ወጡ ያን ቀን እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም።