ሾፌሩ የት ያድራል? እና ሌሎች የጉዞ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ሐረርና ስለ አፋር በረሃ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ዘመድ ከሚጠብቁ ሰዎች ነው። እንግዳው "ጥሩ ነገር ይሁን፣ ስለ ገንዘቡ አትጨነቁ" ብሏል። እነሱም ቸርችል ጎዳና ወርደው ከሁለት ከሦስት ቢሮ የሚያምር ብሮሹር ሰብስበዋል። ሁሉም ላይ "ቅንጡ ጉዞ" ይላል። አሁን የትኛውን እንደሚመርጡ ግራ ገብቷቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ አንዳንዱንም በራሴ ቃል አቅርቤዋለሁ።

አንድ የፒያሳ አንባቢ እንግዶቻቸውን ከለገሃር በባቡር ድሬዳዋ ሊያደርሱ አስበዋል። አባታቸው እንደዚያ ነበር የሚሄዱት።

ከለገሃር አይነሳም ጋሼ። የአሁኑ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። የመነሻውን ቀንና ሰዓት ቀደም ብለው እዚያው ይጠይቁ። ለገሃርን ግን ከጉዞው በፊት ለእንግዶችዎ ያሳዩአቸው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በዚያው ሐዲድ ምክንያት ነው። ይህን ነግረዋቸው ቢሄዱ ድሬዳዋ ሲደርሱ ከተማዋን በሌላ ዓይን ያዩአታል።

ሌላዋ አንባቢ የእህቷ ልጅ ከዋሽንግተን ትመጣለች። "ሐረር ውስጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ጠቁሚኝ፤ ከሌለም ድሬዳዋ አድረን ሐረርን በቀን አይተን እንመለስ" ትላለች።

እባክሽ እንደዚያ አታድርጊ። በቀን ደርሶ የተመለሰ ሰው ሐረርን አላያትም። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ የአባቶቻቸውን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ የከፈቱ ሐረሪዎች አሉ። ጌይ ጋር ይሉታል። እዚያ እደሩ። ገና ስትገቡ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ታያላችሁ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዕድሜና ክብር ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ይህን የትኛውም ሆቴል ሊሰጣችሁ አይችልም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ መታጠቢያው የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ ሙቅ ውኃ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። እዚያ ላይ መግደርደር አያስፈልግም።

ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ናት። ግንቡ የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1998 ዓ.ም. ነው። ጠዋት መኪና ግርግር ሂዱ። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ሲመሽ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ታያላችሁ። ድሬዳዋ ለማደር በጊዜ የሚመለስ ሰው የሚያመልጠው ይሄ ነው።

አጫጭሮቹን ባንድ ላይ ልመልስ።

ድሮን? ያለ ፈቃድ አትያዙ። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አስጎብኚው "ችግር የለውም" ቢል አትስሙት።

የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ ዳሎል፣ አፋር በረሃ ያለው የጨውና የድኝ ሜዳ? አይሆንም። ሐረር ውሰዷት፣ በጅቡ ትደሰታለች።

ነጭ ስኒከር? ጨውና ድኝ ላይ ነው የምትረግጡት። ያረጀ ጫማ አድርጉ።

ስልክ ይሠራል? በረሃው ውስጥ አትተማመኑበት። የድርጅቱን ሰው የሳተላይት ስልክ ይዞ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ቆም ብዬ የምመልሰው ደብዳቤ አለ። የ71 ዓመት አባቱን ለልደታቸው ዳሎል ያለበት ዳናክል በረሃ ሊወስድ ያሰበ ልጅ ነው። አባቱ ስኳር አለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። "ግን ጠንካራ ናቸው፣ በየቀኑ እንጦጦ ይወጣሉ" ይላል። ሐኪም ማስፈቀድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቆኛል።

ያስፈልጋል። ይህንን በቀላሉ እንድታልፈው አልፈልግም። እንጦጦ ብርድ ነው፣ ዳሎል እሳት። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተወሰደው ልኬት የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። ሌሊቱም ቀዝቀዝ የሚሉት ወራትም ተደምረው ማለት ነው። ከግፊት መድኃኒቶች ውስጥ ሽንት የሚያበዙ አሉ። ሰውነት በላብም በሽንትም ውኃ ሲያጣ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። የተበላሸውን ወግተው የወሰዱ ይመስላቸዋል፣ ስኳሩ ግን ይወጣል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ እስኪደረስ ሰዓታት ይሄዳል።

ስለዚህ አባትህን የሚከታተሏቸው ሐኪም ዘንድ አብረህ ሂድ። መድኃኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። "ጉዞ ልንሄድ ነው" አትበል። "ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሆን የሚችል ቦታ፣ ለሁለት ቀን፣ ሆስፒታል በሌለበት" ብለህ ንገራቸው። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ሌላ ሐኪም ፈልጎ ማስፈቀድ የለም። ልደታቸውን ሐረር ላይ አክብሩ። አየሩ ደግ ነው፣ እሳቸውም በእግራቸው ጀጎልን ይዞራሉ።

ካዛንቺስ አካባቢ የሚሠራ ወጣት እንዲህ ይላል። ሦስት ድርጅት ዋጋ ሰጥተውታል። ሁሉም ሰመራ፣ አፍዴራ፣ ዳሎል፣ ከዚያ በሐረር በኩል መመለስ። ሁሉም ላንድ ክሩዘር፣ ሁሉም ድንኳንና ምግብ አብሳይ አላቸው። አንዱ ግን በጣም ይረክሳል። "ልዩነቱ ምንድነው እትዬ? ነገ ቀብድ ልከፍል ነው።"

ቀብዱን አቆየው። መጀመሪያ ለሦስቱም ደውልና አንድ ነገር ጠይቅ፦ ሾፌሩ የት ነው የሚያድረው?

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘመዶቼ ጋር አፋር ሄጄ ነበር። የድርጅቱን ስም አላነሳም። የተኛንበት ክፍል ኤሲ ነበረው፣ አንሶላው ንጹሕ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። ሾፌራችን መኪናው ውስጥ ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ አራቱንም መስኮት ከፍቶ፣ ፊቱን ከትንኝ በነጠላ ሸፍኖ ተኝቷል። ከአዲስ አበባ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንን ሁሉ የነዳው እሱ ነው። አብዛኛው መንገድ የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት ነው። ተሳቢው አያልቅም፣ ለአፍታም ዓይን አይነቀልም።

ሲነጋ ጠየቅሁት። አበል ይሰጠኛል አለ። ነገር ግን ከአበሉ ላይ አልጋ ከያዘ ለቤቱ የሚተርፈው የለም። ሁለት ልጆች ያስተምራል። ስለዚህ አልጋውን ይቆጥባል። "ለምጄዋለሁ" አለኝ። እኔ በነጭ አንሶላ ላይ ያደርኩት ሴትዮ ምን ልመልስለት?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ መንገዱ ዳር ሄደች። ያየችው ከፊት የተቀመጠችው አክስቴ ናት። "ልጄ!" ብላ ትከሻውን ያዘችው። ነቃ፣ መሪውን መለሰ፣ ዳር ይዞ አቆመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራር ጥላ ሥር ፍራሽ አንጥፈንለት ሁለት ሰዓት ተኛ። እኛ ሻይ አፍልተን ጠበቅነው። ሁላችንም በሕይወት ያለነው አክስቴ ከፊት በመቀመጧ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። ነዳጁ ለሦስቱም ድርጅቶች አንድ ነው። መንገዱ አንድ ነው። ታዲያ የረከሰው ከየት ቀንሶ ነው? መቀነስ የሚቻለው ከሰው ላይ ነው። ከሾፌሩ አልጋ፣ ከአብሳዩ አበል፣ ከአፋሩ አስጎብኚ ድርሻ፣ ከሁለተኛው መኪና። ብሮሹሩ ላይ ፎቶው ያው ነው፤ የተቀነሰው ነገር በፎቶ አይታይም።

ስለዚህ የሾፌሩና የአብሳዩ አልጋና ምግብ ከአበላቸው ውጭ በድርጅቱ የሚከፈል መሆኑን በጽሑፍ ይስጡህ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዳ ጠይቅ። በምሽት መንዳት ካለበት ፕሮግራሙን አስለውጥ። በረሃው ውስጥ ስንት መኪና እንደሚሄድ ጠይቅ። አንድ ብቻ ከሆነ አትሂድ፤ አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር የሚጎትተው ሌላ መኪና ነው። ውኃው ሲቆጠር ለተጓዥ ብቻ ነው ወይስ ለአጃቢውም፣ ለግመል ነጂውም? እሱንም ጠይቅ። ጥሩ ድርጅት በዚህ ጥያቄ አይከፋም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ውድ የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳበት አጋጣሚ አገኘ። የሚያጉረመርም ካለ ግን መልስህን አግኝተሃል።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።

"እኔ ሐበሻ ነኝ፣ በገዛ አገሬ ለአስጎብኚ ለምን እከፍላለሁ?" ያለኝም አለ።

ዳሎል ላይ አንዳንዱ ቦታ ከላይ ጠንካራ መሬት ይመስላል። ከሥሩ ግን አሲድ ነው፣ ቅርፊቱም ስስ ነው። የቱ ቦታ ሰው እንደሚሸከም የቱ እንደማይሸከም የሚያውቀው በዚያው አገር ያደገ አፋር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚያ ልክ እንደ ፈረንጁ እንግዳ ነው። አስጎብኚው ሌላም ነገር ያውቃል። የጨው ቆራጮቹን መቼ ማናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ማንን ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ። በዚያ ፀሐይ አሞሌ የሚጠርብ ሰው ትርኢት እያሳየህ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው። ክፈል ወንድሜ።

ከሳሪስ የጻፉ እናት ብሮሹሩ ላይ "ኤርታ አሌ ጫፍ ላይ ሆነው የሚፈላውን የእሳት ሐይቅ ይመለከታሉ" የሚል አንብበዋል። እውነት ነው ወይ?

ማንም ይህን ቃል ሊገባልዎ አይችልም። የኤርታ አሌ የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ በጭስ ተሸፍኖ ምንም አይታይም። ከእሱ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ። በአካባቢው ያሉ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ አመድ አለበሰ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎችም ተስተጓጎሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የዛሬ ወር የሚሆነውን በብሮሹር ማተም ልክ አይደለም። ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት የክልሉን ቱሪዝም ቢሮ ይጠይቁ፣ ስለ ተራራውም ስለ ጸጥታውም። "አሁን አይቻልም" ቢባል ገንዘብዎ ይመለስ እንደሆነ ውሉ ላይ አስቀድመው ያንብቡ። አዲስ የተበተነ አመድ ሲኖር ደግሞ አስም ያለበት ሰው ጨርሶ መሄድ የለበትም።

ለፋሲካ እየሩሳሌም የሚሄዱ እማሆይ በዚያው ዮርዳኖስ ያለችውን ጥንታዊቷን ፔትራን አይተው መምጣት ይፈልጋሉ። "ላሊበላን ይመስላል አሉኝ" ይላሉ።

ቪዛውን የዮርዳኖስ ኤምባሲ ይጠይቁልኝ። ስለ ቦታው ግን ላጫውትዎ። ሁለቱም ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው፣ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ፔትራን የሠሩት ናባጢያን የሚባሉት የጥንት ሰዎች ገደሉ ፊት ላይ ነው የቀረጹት። ካዝና የሚባለው ሕንጻ ወደ 40 ሜትር ይረዝማል፣ ጀርባው ግን ተራራው ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፤ ዙሪያው ተቆፍሮ፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ በአራቱም ጎን ነጻ ቆሟል። ወደ ካዝናው የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት በማለዳ ይግቡ፣ ጥላ አለው። ሲሄዱ ግድግዳው ላይ የተቦረቦረውን የውኃ ቦይ ይመልከቱ። በዚያ ደረቅ አገር ከተማ ያቆመው እሱ ነው። ገዳም ወደሚባለው ሕንጻ ለመውጣት 800 ያህል ደረጃ አለ፤ ጉልበትዎ ካልፈቀደ ይተዉት። ዋዲ ራም በረሃ ለማደር ከወሰኑ ጋቢዎን ይያዙ። ቀን ያቃጠለ አሸዋ ሌሊት ይበርዳል።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከአራት ኪሎ ተማሪ ነው። ይህ ሁሉ ጉዞ ለእሷ የማይታሰብ ነው። አፋርን ማየት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኛለች።

በብሔራዊ ሙዚየም ጀምሪ። ድንቅነሽ የተገኘችው አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ነው፣ በ1967 ዓ.ም.። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ለሕዝብ የሚታየው አምሳያዋ ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቢሆንም ከፊቷ ስትቆሚ ቁመቷ እንዴት ትንሽ እንደነበር ታያለሽ። ከዚያ ወደ ላይ ስድስት ኪሎ ሂጂ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ስለ አገሪቱ ሕዝቦች አኗኗር ያሳያል። ደብተር ያዢ። መቼ እንደምትሄጂ አይታወቅም፣ ስትሄጂ ግን ከኛ ይልቅ አንቺ አስጎብኚውን የተሻለ ትጠይቂዋለሽ። ከአራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።