ሱሉልታ ሜዳ ላይ መብረር መማር ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በሱሉልታ ከተማ የእህል ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ዕድሜዬ 44 ዓመት ነው። አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ በ20 ሰዓት ልምምድ ብቻ ባለሁለት መቀመጫ ቀላል የስፖርት አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ማግኘት እንደሚቻል፣ አውሮፕላኑም ሣር ሜዳ ላይ እንደሚያርፍ አጫውቶኛል። ከደጄ ፊት ለፊት ሰፊ ሜዳ አለ። አንዱን አስመጥቼ፣ አስተማሪ ቀጥሬ እዚሁ ብማር ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ የእኅትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን እሱ በሚኖርበት አገር ነው። በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ «ቀላል የስፖርት አውሮፕላን» ብሎ የጠራው፣ ሰውና ነዳጅ ጭኖ ከ600 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ አንድ ሞተርና ቢበዛ ሁለት መቀመጫ ያለው የየብስ አውሮፕላን ነበር፤ የክብደት ገደቡ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ተነሥቷል። ከ20ው ሰዓት ቢያንስ 15ቱ ከአስተማሪ ጋር፣ 5ቱ ደግሞ ለብቻ የሚበረሩ ሲሆኑ፣ ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን እንጂ ሁሉም ተማሪ የሚጨርስበት ጊዜ አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪነት በመደበኛነት ያስቀመጠው 40 ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የተሰጠን ፈቃድ ሌላ አገር የመቀበል ግዴታ የለበትም። እዚህ አገር አውሮፕላኑም፣ አስተማሪውም፣ የሚነሡበት ሜዳም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይሻሉ፤ ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄደው ይጠይቁ።

ከወረቀቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሱሉልታ አየር ነው። ሜዳ መኖሩማ ሜዳ ነው፤ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አገራችን የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈውም ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነበር። ከተማዎ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ሲሆን፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ ከ70 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ባለ100 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ተጨማሪ የአየር መጭመቂያ ከሌለው፣ ደጅዎ ላይ ወደ 70 ይወርዳል ማለት ነው። ክንፉም እንደዚሁ ነው፤ ስስ አየር ላይ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በምድር ላይ በአምስት አንድ እጅ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ መለኪያው ግን ያው የተለመደውን ቁጥር ስለሚያሳይ አዲስ ተማሪ ልዩነቱን አያየውም። ጉልበቱ ሲቀንስና የሚፈለገው ፍጥነት ሲጨምር፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ርቀት ከእጥፍ ሊያልፍ ይችላል።

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ ይልቅ ያመንኩት በአንዲት ግራር ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ አንድ ሜዳ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከተማሪዬ ጋር ስንነሣ መንኮራኩሩ መሬት የሚለቀው ከመንደርደሪያው ጎን የበቀለች ግራር ጋ ሳንደርስ ነበር። አንድ ቀን ያንኑ አውሮፕላን፣ ያንኑ ተማሪ ይዤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለመነሣት ስንሞክር፣ ግራሯን አልፈንም መሬት ላይ እየሮጥን ነበር። ጋዙን ዘግቼ ፍሬን ያዝኩ። ተማሪዬ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ነበር፤ የቀኑ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ስላሳሳው እንጂ ሞተሩ ያልተበላሸ መሆኑን ለማሳየት በማግሥቱ ማለዳ እዚያው ቦታ አስነሣሁት።

ክብደቱንም በራስዎ የወፍጮ ቤት ሚዛን ሊያሰሉት ይችላሉ። ባዶውን 350 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ለ600 ኪሎ ከተፈቀደ፣ የቀረው 250 ኪሎ ነው። እርስዎ 85፣ አስተማሪዎ 85 ቢመዝኑ ለነዳጅና ለዕቃ 80 ኪሎ ይተርፋል። ይህ በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን የተፈቀደው ክብደት አንድ ነገር፣ የሱሉልታ አየር የሚሸከመው ደግሞ ሌላ ነው። በእኔ አስተያየት ተማሪውን ከነጫማው መዝኖ ነዳጁን ቀንሶ የማይቀዳ አስተማሪ በዚህ ከፍታ ላይ ማስተማር የለበትም። በዚያ ላይ ነፋሱ ከእንጦጦ ጋራ ተሻግሮ ወደ እናንተ የሚወርድ በሆነ ቀን፣ ከጋራው ሥር የሚጠብቃችሁ የሚናጥና ቁልቁል የሚገፋ አየር ነው፤ ትልቁ አውሮፕላን የሚቋቋመው መናጥ ለ600 ኪሎው ይከብደዋል።

እንግዲህ ምክሬ፣ መጀመሪያውን ትምህርት ዝቅ ያለ ቦታና ሕጋዊ ትምህርት ቤት ባለበት እንዲወስዱ፣ ሱሉልታን ግን ፈቃዱን ካገኙ በኋላ የከፍታ በረራ ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር እንዲመለሱባት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤተሰቦቼ ለገጣፎ ናቸው፤ እኔ ውጭ አገር በአንድ የባሕር ዳር ከተማ በቀላል አውሮፕላን በረራ እየተማርኩ ለእረፍት መጥቻለሁ። 16 ሰዓት በርሬያለሁ። አብረውኝ የጀመሩት በ11 እና በ12 ሰዓታቸው ለብቻቸው ሲበሩ አስተማሪዬ እኔን አልለቀቀኝም። ስናርፍ ዝም ይላል፤ ከዚያ ድንገት መሪውን ይነጥቀኛል። ድክመቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ?

መልስ፦ ልጄ፣ በሰዓቱ አትከፊ። ቀላል አውሮፕላን ከከባዱ ይልቅ ለመማር ይቀላል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ማረፍ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ጋዙ እንደተዘጋ ፍጥነቱ ወዲያው ያልቃል፤ አፍንጫውን ቀና የምታደርጊበት ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። አንድ ሜትር ቀድመሽ ቀና ካደረግሽ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፍጥነቱን ጨርሶ ይወድቃል፤ ከዘገየሽ ደግሞ በፊት እግሩ መሬቱን መትቶ ይዘላል።

የአስተማሪሽ ዝምታ ጥሩ ምልክት ነው። ጀማሪ አስተማሪ ሳያቋርጥ ያወራል፤ ሥራውን የጠገበው ግን ጣቶቹን ከመሪው ሥር፣ ሳይነካው፣ አስጠግቶ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ እስኪያየው ይጠብቃል። እስከ የት እንደሚጠብቅ ማወቁ ነው ሙያው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ ቶሎ እየያዝኩ፣ አንድም ቀን የራሱን ማረፍ ያላረፈ ተማሪ አሰልጥኜ ነበር።

መንጠቁን ግን አልደግፍለትም። መሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «እኔ ይዣለሁ» መባልና ሌላውም መልሶ ማረጋገጥ አለበት፤ ምክንያቱም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የያዘው ወይም ማንም ያልያዘው አውሮፕላን ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ይህን መሬት ላይ ሆናችሁ፣ በትሕትና፣ ግን በግልጽ ንገሪው። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላም አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ የትኛው ላይ ለምን እንደያዘብሽ በወረቀት እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አስተማሪ ተማሪውን ለብቻው ከመልቀቁ በፊት አጥብቆ የሚያየው ያማረ ማረፍን ሳይሆን፣ አመጣጡ ሲበላሽ ተማሪው ማንም ሳያዘው ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣቱን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከፍ ብለሽ ወይም ፈጥነሽ ከመጣሽ እጁን አትጠብቂ፤ «አልወደድኩትም፣ እንደገና እነሣለሁ» በይውና ጋዙን ስጪ።

ጥያቄ፦ የስፖርት አውሮፕላን ፈቃድ ያገኘ ሰው ወዲያው አስተማሪ መሆን ይችላል? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይችልም። በአሜሪካው ደንብ እንኳ የዚህ ዓይነት አውሮፕላን አስተማሪ ለመሆን ቢያንስ 150 ሰዓት የበረረ፣ ከዚያም ውስጥ 100 ሰዓቱን በሞተር በሚበር አውሮፕላን በኃላፊ አብራሪነት ያሳለፈ መሆን ይጠበቅበታል፤ ስለ ማስተማር ዘዴም ለብቻው ይፈተናል። እርስዎ ተማሪ ለመሆን አስበው ከሆነ፣ የአስተማሪውን የሰዓት መዝገብ ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ስንቱን ሰዓት ከተማሪ ጋር፣ ስንቱንም በደጋ ሜዳ ላይ እንደበረረ ከመዝገቡ ይመልከቱ።