ሲሄዱ 9 ሰዓት፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እናታችን ኅዳር መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን እህቴ ጋ ትሄዳለች፣ ጥር ላይ ትመለሳለች። ትኬቱ ላይ ማክሰኞ 22:30 ከአዲስ አበባ ተነስታ ረቡዕ 07:30 ትደርሳለች ይላል። ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:30 ትገባለች። ሳሰላው መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት ተኩል ሆነብኝ። እህቴ ግን የሚረዝመው መሄጃው ነው ትላለች። ማናችን ነን ልክ? ርቀቱስ ስንት ነው?
ት. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህትሽ ልክ ናት። ትኬት ላይ የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው፤ መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀነስ አያዋጣም። እናትሽ በሚሄዱበት ወቅት ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት (የካቲት መጨረሻ ግድም እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 7 ይሆናል)። ለመሄጃው 8 ጨምሪ፣ ከመመለሻው 8 ቀንሺ። 17 ሰዓትና 12 ሰዓት ተኩል ይመጣልሻል።

ርቀቱ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና ከ20 ጊዜ በላይ ደርሶ መልስ እንደማለት ነው።

ታዲያ ርቀቱ አንድ ሆኖ የ4 ሰዓት ተኩል ልዩነት ከየት መጣ? ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው ጉልበት አያገኙም፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅም ይዞ መነሳት ይከብደዋል። መንገድ ላይ ያርፍና ይሞላል፤ እንደ ጊዜው ደብሊን ወይም ሎሜ ሊሆን ይችላል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ተነስቶ ቦሌ ድረስ በቀጥታ ይመጣል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ በተለይ አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል።

እናትሽ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ የነዳጁን ነገር አስቀድመሽ በደንብ ንገሪያቸው። ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪ ሳይወርድ ነው የሚሞላው። አውሮፕላኑ ሲቆምና አንዳንዱ ሰው ሲነሳ፣ ደረስን ብለው ሻንጣቸውን ለማውረድ የሚጣደፉ እናቶች አሉ። ያሳዝናል፣ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው። "መጀመሪያ ሲያርፍ አትነሺ፣ ሁለተኛው ነው ዋሽንግተን" ብትያቸው ይበቃል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ በየመሃሉም ተነስተው እግራቸውን ያፍታቱ። መራመድ የሚያደክማቸው ከሆነ ዊልቸር ከበረራው ቀን በፊት አስመዝግቢላቸው።

ደግሞ 22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀደም ብለው፣ ማለትም ከምሽቱ 1:30 ላይ መገኘት አለባቸው። በመኪና የምትመጡ ከሆነ ከሐዋሳ በጠዋት ውጡ፤ የከሰዓቱን መንገድ አትመኑት።